«የብርሃን ቅበላ»፦ በፍላሽ ፎቶግራፍ ረገድ ስለ አንድ ሙያዊ ቃል አመራረጥ

የፎቶግራፍ መምሪያዎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጋጥመው ችግር በእንግሊዝኛ «ኤክስፖዠር» ለሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ቁርጥ ያለ አቻ ማጣት ነው። አንዱ «የብርሃን መጠን» ይለዋል፤ ሌላው «ተጋላጭነት» ይለዋል። ቃሉ በፀሐይ ብርሃን ስለ ማንሣት በሚናገር ገጽ ላይ ሲውል ጉድለቱ እምብዛም አይታወቅም። በካሜራ ላይ ለብቻው ስለሚገጠም ፍላሽ በሚናገር ገጽ ላይ ግን አንባቢውን ያሳስታል፤ መምሪያውን አምኖ የሠራውም ሰው ሥዕሉ ይበላሽበታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የስሕተቱን ምንጭ ከአሠራሩ ተነሥተን እንመረምራለን፤ ቀጥለንም የተሻለ ነው ያልነውን ሥያሜ እናቀርባለን።

ጽንሰ ሐሳቡ የሚያመለክተው ፊልሙ፣ ወይም በዛሬዎቹ ካሜራዎች ዳሳሹ፣ ለአንድ ሥዕል የሚቀበለውን ጠቅላላ ብርሃን ነው። ይህም የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው፤ እነርሱም በፊልሙ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ብርታትና የሚያርፍበት ጊዜ ርዝመት ናቸው። ብርታቱ በሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ይገደባል፤ ጊዜው በመዝጊያው ይለካል። «የብርሃን መጠን» የሚለው ሐረግ ግን ምንጩ የሚሰጠውን ብርሃን ይሁን ፊልሙ የሚቀበለውን ለይቶ አይናገርም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በፍላሽ ጊዜ ነው። ፍላሽ ሲበራ በአንድ ጠቅታ ውስጥ ሁለት ዐይነት ብርሃን ወደ ፊልሙ ይገባል፤ አንደኛው በስፍራው የነበረው የፀሐይ ወይም የመብራት ብርሃን ሲሆን፣ ሁለተኛው የፍላሹ ብርሃን ነው። የመጀመሪያውን «ነባር ብርሃን» እንበለው። ነባሩን ብርሃን ቀዳዳውም መዝጊያውም ይቈጣጠሩታል። የፍላሹ ብልጭታ ግን ብዙውን ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሺኛ ያህል ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ብቻ ስለሚቈይ፣ መዝጊያው ቢዘገይም በእርሱ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። የፍላሹን ድርሻ የሚወስኑት የፍላሹ ጕልበት፣ የቀዳዳው ስፋትና ከፍላሹ እስከ ተነሺው ያለው ርቀት ናቸው።

ለአብነት ያህል፣ በሰርግ አዳራሽ ሙሽራዪቱ በፍላሽ ስትነሣ ፊቷ ጠቈረ እንበል። «የብርሃኑን መጠን ለመጨመር መዝጊያውን አዘግይ» የሚል ትርጉም ያነበበ ሰው ከ1/125 ሰከንድ ወደ 1/30 ሰከንድ ቢወርድ፣ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ አራት እጥፍ ያህል ብርሃን ያገኛል፤ በፍላሹ የበራው ፊቷ ግን ብዙም ሳይለወጥ ይቀራል። መዝጊያውን ማፍጠንም ወሰን አለው። በብዙ ካሜራዎች ከ1/60 እስከ 1/250 ሰከንድ ከሚደርሰው የመጣጣም ፍጥነት ከታለፈ፣ ልዩ መሣሪያ ከሌለ በቀር፣ የመዝጊያው መጋረጃ ከፊሉን ሥዕል ስለሚሸፍን አንደኛው ወገን ይጨልማል።

የፍላሹን ጕልበት ለመግለጽ «መሪ ቍጥር» የሚባል ልክ አለ። ቍጥሩን ለርቀቱ ብናካፍል የቀዳዳውን ቍጥር እናገኛለን። የፊልሙ ትብነት 100፣ መሪ ቍጥሩ በሜትር 40 ቢሆን፣ 5 ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው ቀዳዳው 8፣ 10 ሜትር ለራቀ 4 ይሆናል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በተነሺው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ቀዳዳው በስፋት አራት እጥፍ መከፈት አለበት። ተርጓሚው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፤ የቀዳዳው ቍጥር ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባልና «ቀዳዳውን ጨምር» ማለት ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ያሰማል። «አስፋ» እና «አጥብብ» ቢባል ግን አያሻማም።

በሌንሱ ውስጥ የሚገባውን የፍላሽ ብርሃን ራሱ የሚለካ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው ኦሊምፐስ ኦ.ኤም. 2 ታውቋል። ይህ ዐይነቱ ልኬት ግን የሚታየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ነጭ የሐበሻ ልብስ የለበሱ ሰዎች ሥዕሉን ሲሞሉት ብርሃኑን ይቀንስና ነጩን ያጠቍረዋል። አንሺው በማካካሻው አንድ እርከን ያህል መጨመር ያስፈልገዋል። እዚህም የሚጨመረው ፊልሙ የሚቀበለው እንጂ በስፍራው ያለው ብርሃን አይደለም።

ከዚህ በመነሣት «የብርሃን ቅበላ» የሚለውን ሥያሜ መርጠናል። «ተጋላጭነት» በዛሬው አማርኛ ለበሽታና ለአደጋ የተመቸ መሆንን ስለሚያሰማ ለዚህ አይስማማም። «ቅበላ» ግን ነገሩን ከተቀባዩ ወገን ያያል፤ ግሱም ለአረፍተ ነገር ይመቻል። እርግጥ ነው፣ ቃሉ ከጾም መግቢያ በፊት ያለውን የመብል ጊዜ፣ እንዲሁም የተማሪዎችን ቅበላ ያመለክታል። ሆኖም «የብርሃን» የሚለው ዘርፍ ሲቀድመው አሻሚነቱ ይወገዳል። ከእርሱም «ትርፍ ቅበላ»፣ «ጐደሎ ቅበላ»፣ «የነባር ብርሃን ቅበላ» እና «የፍላሽ ቅበላ» የሚሉትን ማርባት ይቻላል።

አሁን ከላይ የጠቀስነውን ትእዛዝ እንደገና እንጻፈው፦ «የነባር ብርሃን ቅበላን ለመጨመር መዝጊያውን አዘግይ፤ የፍላሽ ቅበላን ለመጨመር ቀዳዳውን አስፋ፣ ወይም ፍላሹን አቅርብ፣ ወይም ጕልበቱን ጨምር።» ቀዳዳውን ማስፋት ነባሩንም ብርሃን አብሮ እንደሚጨምር ማስታወሻ ቢታከልበት፣ አንሺው የትኛውን መቈጣጠሪያ መንካት እንዳለበት ከአረፍተ ነገሩ ብቻ ይረዳል። የሙያዊ ቃል ብቃት የሚፈተነውም እንዲህ በሥራ ላይ ነው።