ደመወዙ ስንት ቁና ሆነ?

በዚህ ረመዳን ከተራዊሕ በኋላ ወደኛ ከሚመጡት የትዳር ጉዳዮች በርከት ያሉት ከአንድ ቁጥር ይነሳሉ፤ 11,500 ብር። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ሲሻሻል፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ብር ወደዚህ ከፍ ማለቱ በዜና ተነግሯል። ሚስት ዜናውን ሰምታለች። ባል ይዞት የሚገባው ግን ሌላ ነው። «የቀረውን የት አደረስከው?» ይባላል፤ በጾም አፍ ክፉ ቃል ይወጣል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከ6,940 ብር ላይ የሥራ ግብር 888 ብር፣ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ደግሞ 485 ብር ከ80 ሳንቲም ሲቀነስ እጅ የሚገባው 5,566 ብር ከ20 ነው። ከ11,500 ብር ላይ ግብሩ 2,100፣ ጡረታው 805 ሲሆን እጅ የሚገባው 8,595 ብር ነው። ጭማሪው በወረቀት 4,560 ብር ቢሆንም ኪስ የደረሰው 3,028 ብር ከ80 ሳንቲም ብቻ ነው። በሐምሌ 2017 የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ የመጀመሪያውን 2,000 ብር ነጻ አድርጓል፤ ከ7,000 በላይ ያለው ግን 25፣ ከ10,000 በላይ ያለው 30 በመቶ ይቆረጥበታል። ስለዚህ እህታችን ባልሽን ቶሎ ሌባ አትበይው። ወንድማችንም የደመወዝ መክፈያ ወረቀትህን አሳያት፤ ምን ያስደብቃል?

ይህ ግን ግማሹ ሒሳብ ነው። ዘካተል ፊጥር በገንዘብ ሳይሆን በእህል፣ በአንድ ሳዕ ተተመነ። በሐነፊ መዝሀብ ዋጋውን በገንዘብ መስጠት ቢፈቀድም መለኪያው ያው እህሉ ነው። ገንዘብ ሲወርድ ሲወጣ የድሃው ድርሻ ሳይጎድል 1,400 ዓመት ያለፈው በዚህ ነው። ደመወዝንም እንዲሁ ስፈሩት። የቤታችሁን የወር ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽሮ፣ ከሰልና ኪራይ ጻፉ፤ በነሐሴ የነበረውን ዋጋ ከዛሬው አጠገብ አድርጉ። ለምሳሌ ያኔ 5,000 ብር ይፈጅ የነበረው አሁን 6,500 ከፈጀ፣ ከ3,028 ብሩ የተረፈው 1,528 ነው። መዝገቡን ሚስት ብትይዘው ይሻላል፤ ሰኞ ገበያ ወርዳ የምትከራከረው እሷ ናት።

ከሁሉ የሚያሳስበን የተፋቱ ወላጆች ልጆች ቀለብ ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከዚያ በፊት በሽማግሌ «በወር 1,000 ብር» ተብሎ የተቆረጠላቸው ልጆች ዛሬም 1,000 ብር ይቀበላሉ። አባት ደመወዙ ሲጨመር «እኔ የተፈረደብኝን ከፍያለሁ» ይላል። አይበቃም። ሱረቱ ጦላቅ ቀለብን ከሰጪው አቅም ጋር አያይዞታል፤ አቅም ሲያድግ ቀለብም ያድጋል። እኛ አሁን ስናስታርቅ በብር መጻፍ ትተናል፤ ይህን ያህል ኪሎ ጤፍ፣ ይህን ያህል ሊትር ዘይት፣ የትምህርት ቤት ወጪ ብለን እንጽፋለን። ያልተስማማ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄዶ እንዲሻሻል ይጠይቅ።

ስለ ዘካም የሚጠይቁን አሉ። ጭማሪው በራሱ ዘካ አያስወጣም፤ ተጠራቅሞ ኒሷብ ሞልቶ የጨረቃ ዓመት የዞረበት ነው 2.5 በመቶ የሚወጣለት።

አንድ ነገር ቀረን። ጭማሪው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራውን ልጅ አልነካም። አከራይዋ ግን «ደመወዝ ተጨምሯል» ብሎ ኪራይ ጨምሮባታል። እንዲህ ያደረገ አከራይ ኢፍጣር ላይ ካገኘነው የምንጠይቀው አለን፦ ለእሷ የጨመረላት ማነው?