ከመረጃ ቋት ቃልን ቈርጦ ስለ ማውጣትና ስለ መፈተኑ

የመረጃ ቋት ማለት በኮምፒዩተር የሚጠበቅ ሰፊ መዝገብ ነው። በውስጡም ከረዥም ጽሑፍ ጥቂት ፊደል ቈርጦ የሚያወጣ ትእዛዝ ተሠርቶ ይገኛል፤ ኤስኪውላይት በሚባለው ቋት ስሙ ሰብስትር ነው። የተማሪን ስም ከአባቱ ስም ለመለየት ስለሚያገለግል፣ ሳይፈተን የታመነ እንደ ሆነ የልጁ ስም ተቈርጦ በምስክር ወረቀቱ ላይ ይወጣል።

ለፈተናው «ደብረ ታቦር» የሚለው ስም ይበቃል። ፊደሉ 6 ነው፤ ባዶው ቦታ ሲጨመር 7 ይሆናል። ከ1ኛው ጀምሮ 3 ቍረጥ ቢባል «ደብረ»፣ ከ5ኛው ጀምሮ 3 ቢባል «ታቦር» መውጣት አለበት። ነገር ግን ፊደላችን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. በገባበት በዩኒኮድ፣ ይኸውም ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ፣ እያንዳንዱ ፊደል ባይት በሚባለው የኮምፒዩተር ስፍር 3 ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው ፊደልና ባዶው ቦታ ግን 1 ብቻ። ስለዚህ ስሙ 19 ባይት ነው። ሰብስትር ለጽሑፍ ፊደልን ይቈጥራል፤ ያው ስም ብሎብ ተብሎ በጥሬ ባይት የተቀመጠ እንደ ሆነ ግን ባይትን ይቈጥራል። ያን ጊዜ 3 ቢባል «ደ»ን ብቻ ያወጣል፤ 4 ቢባልም የ«ብ»ን ሲሶ ጨምሮ የማይነበብ ነገር ይሰጣል። በእንግሊዝኛ ስም ብቻ የፈተነ ሰው ይህን ጕድለት ከቶ አያየውም።

ደግሞም እንደ ቀደሙት ጸሐፊዎች «ደብረ፡ታቦር» ተብሎ በሁለት ነጥብ ቢጻፍ፣ ባዶ ቦታ ፈላጊው ትእዛዝ ምንም አያገኝምና 0 ይመልሳል። ስለዚህ መዝጋቢው አስቀድሞ ሁለት ነጥቡን በባዶ ቦታ ይለውጥ። ፀሐይና ጸሐይም ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተሩ ሁለት ቃላት ናቸው።