ሚክሰሩ የደበቀብኝ አልቶ

ዲላ ውስጥ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ልምምድ ይሳሳል። ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነው፤ ብዙ ዘማሪዎቻችን ወናጎና ይርጋጨፌ ቤተሰቦቻቸው ጋር ይሰነብታሉ። ስለዚህ ባለ አራት ድምፅ መዝሙር ሳዘጋጅ ለሶፕራኖ፣ ለአልቶ፣ ለቴነርና ለቤዝ የየራሳቸውን መለማመጃ ሠርቼ በቴሌግራም እልካለሁ። አብዛኞቹ ኖታ አያነቡም፤ የሚማሩት በጆሮ ነው።

የምሠራበት ሙዝስኮር በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ኤፍ 10ን ስጫን ሚክሰሩ ይከፈታል፤ የእያንዳንዱን ድምፅ መጠን ለብቻው ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። መጀመሪያ ሰሞን ለአልቶዎች የራሳቸውን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ሁሉ አጠፋ ነበር። ዜማቸውን ልቅም አድርገው አጥንተው ይመጣሉ፤ ሶፕራኖ አጠገባቸው ሲጀምር ግን ተከትለውት ይሄዳሉ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ከጎናቸው ምን እንደሚዘመር አላሰማኋቸውም። ዶርዜዎች በጋሞ ደጋ ያንን የሚያስደንቅ ባለ ብዙ ድምፅ ዘፈናቸውን ሲያዜሙ እያንዳንዱ የሌላውን እየሰማ ነው። አሁን የሚጠናውን እንዳለ ትቼ ሌሎቹን 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አደርጋለሁ። 10 ዴሲቤል ሲቀነስ ለጆሯችን ድምፁ በግማሽ ያነሰ ይመስለዋል፤ 12 ላይ ጎረቤቱ ይሰማል፣ ግን አይጎትትም።

የቤዞች ነገር በዚህ አይፈታም። የስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ ማውጣት ስለማይችል፣ ብጨምርላቸው ትርፉ መንጫረር ነው። ለእነሱ ዜማውን አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጌ እልካለሁ፤ ዘማሪው በራሱ ጉሮሮ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ሚክሰሩ ክፉኛ ያሳሳተኝ ግን ለሌሎች ሳዘጋጅ ሳይሆን ራሴ ስጽፍ ነው። አንድ አዝማች ላይ አልቶው አልሰማ አለኝና ትንሽ ከፍ አደረግሁት፤ አማረ። ልምምድ ላይ አልቶ የለም። አንዲት እህት፣ «ጋሼ፣ ስልኬ ላይ የነበረው ዜማችን እዚህ የት ሄደ?» አለችኝ።

ማታ ወረቀቱን ዘርግቼ አየሁት። አልቶውን ከመካከለኛው ዶ በታች ላ ላይ ጥዬ፣ ቴነሩን ከዶ በላይ ፋ ላይ ሰቅዬዋለሁ። የሴት ድምፅ እዚያ ታች ይከስማል፣ የወንዱ እዚያ ላይ ይጎላል። ኮምፒዩተሩ ጉሮሮ የለውም፤ ለእሱ ታችኛውም ላይኛውም ኖታ ከሞላ ጎደል እኩል ጉልበት አለው። ለዚህ ነው ሚክሰሩ ላይ ድምፁን ትንሽ ከፍ ማድረግ የበቃው። ጀማሪዎች እንዲህ ሲገጥማቸው አልቶው ላይ የፎርቴ (ጎላ አድርጉ የሚል) ምልክት ሲጽፉ አያለሁ፤ ያ ይብሳል። የሚክሰሩ ለውጥ ወረቀት ላይ አይታተምም፣ ምልክቱ ግን ይታተማል፤ ዘማሪዋም ያለ ቦታዋ ትጮኻለች።

ኖቶቹን አቀያየርኳቸው፤ ፋውን ለአልቶ፣ ላውን ለቴነር ሰጠሁ። ኮርዱ ያው ነው። ከዚያ ወዲህ ስጽፍ ሚክሰሩ ላይ ሁሉንም ድምፅ እኩል ዜሮ ዴሲቤል ላይ አደርጋለሁ፤ አንዱ ከተዋጠ የምነካው ኖታውን ነው። መለማመጃውን የማዘጋጀው መዝሙሩ በሰው አፍ ከተሞከረ በኋላ ነው።

አዲሱን ፋይል ይርጋጨፌ ላሉት ላክሁ። በማግስቱ አንዲት አልቶ ራሷን ቀድታ መለሰችልኝ። ከኋላዋ የቡና ለቃሚዎች ጨዋታ ይሰማል፤ እሷ ፋዋን ይዛለች።