ማዳም መኪና ላይ ያለው ሰማያዊና ነጭ፦ መበለቷ ሉድሚላና የባቫሪያ ባንዲራ

ባለፈው ሳምንት አንዲት አንባቢያችን አጭር የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ማዳም አዲስ መኪና ገዝታለች። ጠዋት ጠዋት ሐውሹን ሳጥብ አቧራዋን የማራግፍላት እኔ ነኝ። ከፊት ለፊቷ ክብ ምልክት አለ፤ ውስጡ ሰማያዊና ነጭ ነው። ሾፌሩ የአውሮፕላን መርወሓ ነው ይላል። ትንሹ ልጅ ደግሞ የአገር ባንዲራ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ማን ነው ልክ?»

ልጁ ነው። ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ወደ እውነቱ የቀረበው ልጁ ነው። ሾፌሩም ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም፤ እሱ ያለውን በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች ያምኑታል።

መኪናዋ ቢኤምደብሊው ናት። ሦስቱ ፊደላት በጀርመንኛ «ባየሪሸ ሞቶረን ቬርከ» ከሚለው የተወሰዱ ሲሆን ትርጉሙ «የባቫሪያ ሞተር ፋብሪካ» ማለት ነው። ባቫሪያ የጀርመን ክልል ናት። ጀርመኖች ራሳቸው ባየርን ይሏታል፤ ኳስ የምትከታተሉ «ባየርን ሙኒክ» ሲባል የምትሰሙት እሷን ነው። የክለቡን ዓርማ ብታዩት መሐሉ ላይ ያው ሰማያዊና ነጭ አለ።

ፋብሪካው ሲጀምር መኪና ሳይሆን የአውሮፕላን ሞተር ነበር የሚሠራው። ክቡን ምልክት በጥቅምት 1917 አስመዘገበ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መሐሉ ላይ የክልሉን ቀለም፣ ነጭና ሰማያዊን፣ ማስገባት ፈለገ። ነገር ግን በጊዜው የነበረው ሕግ የመንግሥትን ዓርማ ለንግድ ምልክት ማዋልን ይከለክል ነበር። ስለዚህ ቀለሞቹን ቦታ አቀያየራቸው። ባቫሪያ ላይ ከላይ በግራ በኩል የሚጀምረው ነጭ ነው፤ መኪናው ላይ ግን ሰማያዊው ይቀድማል። በዚህች ዘዴ ሕጉም አልተጣሰም፣ ቀለሙም አልቀረም።

የመርወሓው ወሬ የመጣው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። በ1929 ኩባንያው አንድ የአውሮፕላን ሞተር ሲያስተዋውቅ ምልክቱን በሚሽከረከር ፕሮፔለር መሐል አድርጎ ሣለው። ሥዕሉ ስላማረ ሰዎች ምልክቱ ከመጀመሪያውም ፕሮፔለር እንደነበር ማውራት ጀመሩ። ኩባንያውም ወሬውን ለማስተባበል ለብዙ ዓመታት ብዙም አልደከመም። ምን ቸገረው!

እንግዲህ የእህታችን ጥያቄ እዚህ ላይ ተመለሰ። እኔን ግን ሌላ ጥያቄ ያዘኝ፤ ባቫሪያስ ነጭና ሰማያዊውን ከየት አመጣችው?

ጀርመን እንደ እኛ አገር ፌዴራላዊ ናት። 16 ክልሎች አሏት፤ ሁሉም የየራሳቸው ባንዲራና ዓርማ አላቸው። በስፋት ትልቋ ባቫሪያ ስትሆን ዋና ከተማዋ ሙኒክ ነው። ባቫሪያ በአንድ ነገር ትለያለች፤ እኩል ማዕረግ ያላቸው ሁለት ባንዲራዎች አሏት። አንዱ ቀላል ነው፦ ከላይ ነጭ፣ ከታች ሰማያዊ። ሁለተኛው በጫፋቸው የቆሙና ያጋደሉ ነጭና ሰማያዊ አራት ማዕዘኖች የተሞሉበት ነው። ቅርጹን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም፤ ለዒድ በስቡሳ በትሪ ጋግራችሁ በሰያፍ ስትቆርጡ የምታወጡት ቅርጽ ነው። ደንቡ እንደሚለው በባንዲራው ላይ ከዳር የተቆረጡት ተቆጥረው ቢያንስ 21 መሆን አለባቸው።

የባቫሪያን ሰዎች ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ «ሰማያችን ነው፤ ነጩ ደመናው ነው» ይሏችኋል። ደስ የሚል መልስ ነው። ታሪኩ ግን ከሰማይ አይጀምርም፤ ባሏ ከሞተባት አንዲት ሴት ቤት ነው የሚጀምረው።

በ1200 ገደማ በዳኑብ ወንዝ ዳር ቦገን የምትባል ስፍራን የሚገዙ ባላባቶች ነበሩ። ነጭና ሰማያዊው የእነሱ የጋሻ ምልክት ነበር። ከእነዚህ ባላባቶች አንዱ አልበርት ሲሞት ሚስቱ ሉድሚላ ሦስት ወንዶች ልጆች ይዛ ቀረች። ሉድሚላ የዚያ አገር ሰው አልነበረችም፤ የቦሄሚያ ገዢ ልጅ ነበረች። ቦሄሚያ ዛሬ ቼክ የምንላት አገር ውስጥ ናት። እንግዲህ በሰው አገር፣ ያለ ባል፣ ከልጆችና ከርስት ጋር።

የባቫሪያው መስፍን ሉድቪግ ቀዳማዊ ይመላለስባት ጀመር። ከዚህ በኋላ ያለው አፈ ታሪክ ነው፤ ባቫሪያውያን እስከ ዛሬ ይተርኩታል። መስፍኑ ፍቅሩን ይነግራታል፣ አገባሻለሁም ይላታል። እሷ ግን የትልቅ ሰው የአፍ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃለች። አንድ መጋረጃ አሠርታ ሦስት ፈረሰኞች አስሣለችበት። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ «እንግዲያው በእነዚህ በሦስቱ ፊት ማልልኝ» አለችው። መስፍኑ ሣቀ። ሥዕል ምን ያደርገኛል ብሎ በሦስቱ ፊት አገባሻለሁ ሲል ማለ። ሉድሚላ መጋረጃውን ገለጠችው። ከሥዕሉ ጀርባ ሦስት ሥጋ ለባሽ ፈረሰኞች ቆመው ነበር፤ ሁሉንም ሰምተዋል።

መስፍኑ ተቆጥቶ ወጣ፣ ፈረሱን ጭኖ ሄደ፣ ዓመት ያህልም ሳይመለስ ቆየ ይላል ተረቱ። በኋላ ግን ተመልሶ አገባት።

ይህን ሳነብ ሥራዬ ትዝ አለኝ። የምተዳደረው በትርጉም ነው፤ ከዓረብኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ዓረብኛ። ከማገላብጣቸው ወረቀቶች ብዙዎቹ የሥራ ውል ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እህት ውሏን ይዛ መጣች። «ሁለት ዓመት ስጨርስ ደመወዝ ይጨመርልሻል ብለውኛል፤ የት ጋ ነው የተጻፈው?» አለችኝ። ዓረብኛውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የትም አልተጻፈም። «ሲነግሩሽ ሌላ ሰው ነበር?» አልኳት። «ማንም፤ እኔና እነሱ ብቻ» አለች። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በዓረብኛ እማኝ «ሻሂድ» ይባላል፤ ቃሉ በብዙ ውሎች ግርጌ፣ ከፊርማው አጠገብ አለ። ሉድሚላን ያኔ ባውቃት ኖሮ ታሪኳን እነግራት ነበር፤ ደመወዙን ባያስጨምርላትም።

አሁን ወደ ተጻፈው ታሪክ እንመለስ። ሉድቪግና ሉድሚላ በ1204 መጋባታቸው እርግጥ ነው። ኦቶ የሚባል ልጅም ወለዱ። ሉድቪግ ከመስቀል ጦረኞች ጋር ግብፅ ድረስ ዘምቶ ነበር። በ1221 ጦሩ ወደ ካይሮ ሲገሰግስ የናይል ሙላት መውጫ አሳጣውና እጁን ለሱልጣን አል-ካሚል ሰጠ። ሉድቪግም ከታገቱት ታላላቆች አንዱ ሆነ፤ በኋላ ተለቆ አገሩ ገባ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1231፣ ኬልሃይም በምትባል ከተማ ድልድይ ላይ ሰው ወግቶ ገደለው። ሉድሚላ ሁለተኛ ጊዜ መበለት ሆነች። በማግስቱ ዓመት ላንድስሁት ከተማ ውስጥ ዘሊገንታል የተባለ የሴቶች ገዳም መሠረተች። ገዳሙ ዛሬም አለ። እሷ በ1240 ዐረፈች።

ቀለሙ የተሻገረው እሷ ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከመጀመሪያ ባሏ ከወለደቻቸው ልጆች የመጨረሻው፣ አልበርት ራብዓዊ፣ በ1242 ልጅ ሳይተካ ሞተ። የቦገን ቤት ተዘጋ። ርስቱ ለእናቱ ልጅ፣ ለመስፍን ኦቶ ደረሰ፤ ከርስቱ ጋርም ነጭና ሰማያዊው ጋሻ። በ1247 የመስፍኑ ቤተሰብ ምልክቱን የራሱ አድርጎ ይዞት ነበር። ይህ ቪተልስባኽ የሚባለው ቤተሰብ ባቫሪያን ከ1180 እስከ 1918 ገዝቷል፤ 738 ዓመት። ይህን ሁሉ ዘመን ከፍ አድርጎ ያውለበለበው ቀለም ከአባት የወረደ አይደለም፤ በእናት በኩል የመጣ ነው። እኔን የገረመኝ ይህ ነው።

ስለ ሰማያዊው አንድ ነገር ካላልኩ ዓረብኛ የተማርኩበት ይቆጨኛል። በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የዓርማ አዋቂዎች ሰማያዊን «አዙር» ይሉታል። ቃሉ የኛው ሰፈር ነው፤ ከዓረብኛው «ላዘወርድ» የመጣ ሲሆን ዓረቦች ራሳቸው ከፋርስ ወስደውታል። ከአፍጋኒስታን ተራሮች የሚወጣው ውድ ሰማያዊ ድንጋይ ስም ነው። አውሮፓውያን ከፊት ያለችውን የ«ል» ድምፅ መስተአምር ብጤ መስላቸው ቆርጠው ጣሏት።

ባንዲራውን ትተን ዓርማውን ስናይ ደግሞ አንበሳ በአንበሳ ነው። የዛሬው የባቫሪያ ዓርማ ኤድዋርድ ኤገ በተባለ ሠዓሊ የተዘጋጀ ሲሆን በሰኔ 1950 በሕግ ጸደቀ። ጋሻው አራት ላይ ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ክፍል የአንድ አካባቢ ሕዝብ ነው። በጥቁር ላይ የቆመው የወርቅ አንበሳ የላይኛው ፋልዝ ነው። ይህ አንበሳ በ1214 መስፍኖቹ በራይን ወንዝ ዳር ያለውን ፋልዝ ሲያገኙ አብሮ የመጣ ነው። የራይኑ ፋልዝ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ሌላ ክልል ሲዞር አንበሳው እዚሁ ቀረ። በቀይ ላይ ያሉት ሦስት ነጭ ጥርሶች ፍራንከንን ይወክላሉ፤ አገሬው ሣር ከሚሰበስብበት ባለጥርስ መሣሪያ ጋር አመሳስሎ ስም አውጥቶላቸዋል። ሰማያዊው ነብር መሰል አውሬ የጥንቷ ባቫሪያ ነው። ሦስቱ ጥቁር አንበሶች ሽዋበን ናቸው፤ የጥንቱ ሽዋበን ለሁለት ስለተከፈለ ጎረቤቱ ክልል ባደን-ቩርተምበርግም እነዚሁኑ ሦስት አንበሶች በዓርማው ይዟል።

የሉድሚላ ነጭና ሰማያዊስ? ከአራቱም መሐል፣ ልብ ላይ በተቀመጠ ትንሽ ጋሻ ውስጥ ነው። የማንም አካባቢ ድርሻ አይደለም፤ የጋራቸው ነው። ግራና ቀኝ ጋሻውን የያዙትን ሁለቱን ስትጨምሩ አንበሶቹ በጠቅላላ ስድስት ይሆናሉ።

ከጋሻው በላይ ዘውድ አለ፤ የንጉሥ ግን አይደለም። በኅዳር 1918 ሕዝቡ ሙኒክ አደባባይ ወጣ፣ ንጉሥ ሉድቪግ ሣልሳዊ ሌሊት ከተማዋን ለቆ ሸሸ፣ ኩርት አይስነር የተባለ ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ ባቫሪያን «ነጻ መንግሥት» ብሎ አወጀ። ክልሉ ዛሬም በይፋ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ታዲያ ንጉሥ ከሌለ ዘውዱን ምን ያድርጉት? እኛ አገር ያንኑ ጥያቄ ደርግ በራሱ መንገድ መለሰው፤ መጀመሪያ ከባንዲራው አንበሳ ራስ ላይ ዘውዱን አወለቀ፣ ቆይቶ አንበሳውም ሄደ። ባቫሪያውያን የንጉሡን ዘውድ አንስተው በ1923 ሌላ ተኩበት፤ ዕንቁ ያለበት የወርቅ ቀለበት ከአምስት ቅጠል ጋር። ስሙንም «የሕዝብ ዘውድ» አሉት። አንበሶቹን አልነኳቸውም። የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር ለማታ ቡና ይሆናል፤ እኔ አንበሶቹ ባይነኩ ከሚሉት ነኝ።

ለጠያቂያችን በድምፅ የመለስኩላት አጠር አድርጌ ነው። ልጁ ባንዲራ ያለው ልክ ነው፤ ቀለሙ ተገለባብጦ የተቀመጠ የባቫሪያ ባንዲራ። ነገ ስትጠርጊው ከላይ በግራ ያለችውን ሩብ እያት፤ ሰማያዊ ናት፤ በባቫሪያ ግን ያ ቦታ የነጭ ነው። ሾፌሩ ያለው ደግሞ ከ1929 ማስታወቂያ የመጣ ነው። የሉድሚላንም መጋረጃ ነገርኳት።

ማታ ሌላ መልእክት ላከች። ሾፌሩ አሁንም መርወሓ ነው ብሏል። ስለ መጋረጃው ግን ወጥ ቤት ያለችው ፊሊፒናዊት ሁለት ጊዜ አስደገመቻት።