ዊስት፦ ከመበወዙ በፊት የሚያልቀው ክርክር

የሱዳኑ ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው። እርሻው ሲታረምና ሲታጨድ ከመተማ ወደ ጋላባት የሚሻገረው ኢትዮጵያዊ የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው አካባቢ ያለው የኡም ራኩባ መጠለያ ስደተኛ ተቀብሏል፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ከካርቱም የተፈናቀለ ሕዝብ ወደ ከተማው ጎርፏል። እንዲህ ባለ ቦታ አራት ሰው ለካርታ ቢቀመጥ ሁሉም ሕጉን ይዞ የሚመጣው ካደገበት ሰፈር ነው።

የእኛ ሰው ኮንከርና ክሬዚ ያውቃል፤ ሱዳናዊው ኮንካንና ሐሪግ። በእነዚህ እያንዳንዱ የሚጫወተው ለራሱ ስለሆነ ያልተስማማ ሰው ቢያኮርፍ የሚጎዳው ራሱን ነው። ሱዳኖች የሚወዱት ዊስት ግን ሁለት ለሁለት ነው፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት አጋር ናቸው፣ የሚያሸንፉትም የሚሸነፉትም አብረው ነው።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። 52ቱ ካርታ ለአራት ይታደላል፣ ለእያንዳንዱ 13። መጀመሪያ የተጣለው ስፔድ ከሆነ፣ ስፔድ ያለው ሁሉ ስፔድ የመጣል ግዴታ አለበት። የሌለው የፈለገውን ይጥላል፤ ከሁሉም የሚበልጠውን ገዥውን ዓይነት ከጣለ ዙሩን ሊበላ ይችላል። አጋርህ ምን እንደያዘ ከሚጥለው ትገምታለህ እንጂ አትጠይቀውም። እኔ ይህን ጨዋታ የማከብረው ለዚህ ነው፤ የአገርህን ቋንቋ ከማያውቅ ሰው ጋር እንኳ በካርታው ብቻ ትግባባለህ።

ጭቅጭቁ የሚነሳው ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ነው። ገዥው ዓይነት እንዴት ይመረጣል? በጥንቱ የእንግሊዝ ዊስት አዳዩ የመጨረሻዋን የራሱን ካርታ ገልብጦ ያሳያል፤ የእሷ ዓይነት ይገዛል። በሌላው አጨዋወት ግን ብዙ ዙር እበላለሁ ብሎ የተጫረተው ይመርጣል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ግን አብረው አይሄዱም።

ከዚህ የሚከብደው ስፔድ እያለው ሌላ የጣለ ሰው ጉዳይ ነው። ረስቶ ነው ወይስ አታሎ? ኤድመንድ ሆይል እ.ኤ.አ. በ1742 በለንደን ስለ ዊስት መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ እንዲህ ያለውን ክርክር ለመዳኘት ብዙ ተጽፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1864 የለንደን ክለቦች የተስማሙበት ሕግ ወጣ። የደረሱበት ፍርድ ብልህነት አለው። የሰውየውን ልብ አይመረምርም፣ ጊዜን ነው የሚያየው። ዙሩ ሳይዘጋ ካስታወሰ ካርታውን መልሶ ያነሳል፤ ዙሩ ከተዘጋ ወይም እሱ ወይም አጋሩ ለቀጣዩ ከጣለ ግን ቅጣት አለ፣ እስከ ሦስት ዙር ሊያስከፍል ይችላል። አጋርም «ስፔድ የለህም?» ብሎ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ይህ ስህተትን መከላከል እንጂ ምልክት መስጠት አይደለም። ዓይን መጥቀስ፣ ካርታን በኃይል መጣል፣ ማቃሰት ግን ምልክት ናቸው።

የመናገርን ልክ በደንብ ያሰመረ አዲስ ጨዋታም አለ። የጀርመኑ ኮስሞስ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የቶማስ ዚንግ «ክሩ» ሁሉም በአንድ ወገን ሆነው የሚጫወቱት የዊስት ዘመድ ነው። በአንድ ተልዕኮ እያንዳንዱ ተጫዋች አንዲት ካርታ ብቻ ገልጦ ያሳያል፤ ያቺ ካርታ ከዓይነቷ በእጁ ካሉት ትልቋ፣ ትንሿ ወይም ብቸኛዋ መሆን አለባት። መካከለኛዋን ማሳየት ክልክል ነው። እንዲህ ቁርጥ ያለ ደንብ ሲኖር «ጠቅሶኛል፣ አልጠቀስኩም» የሚባል ነገር አይነሳም።

ለገዳሪፍ ጠረጴዛም ከመበወዙ በፊት ጥቂት ነገር መነጋገር ይበቃል፦ ገዥውን ማን ይመርጣል፣ ዙር ተዘጋ የሚባለው መቼ ነው፣ በስህተት የተገለጠች ካርታ ወደ እጅ ትመለሳለች ወይስ ጠረጴዛ ላይ ትቀራለች፣ አጋርን መጠየቅ ይፈቀዳል ወይ። ያልታሰበ ጥያቄ በመሃል ከመጣ አዳዩ ለዚያ እጅ ብቻ ይወስን፤ አራቱ የሚስማሙበት ሕግ ከሚቀጥለው እደላ ይጀምር።