እንደ መስታወት የጠራው ወንበር

ጠባብ ሳሎን ውስጥ አንድ ወንበር ሲጨምሩ ቤቱ ወዲያው እንደሚጨናነቅ ያውቁታል። ፈረንሳዊው ዲዛይነር ፊሊፕ ስታርክ እ.ኤ.አ. በ2002 ለጣሊያኑ ካርቴል ኩባንያ የነደፈው «ሉዊ ጎስት» ግን ወለሉንም ግድግዳውንም አሻግሮ ያሳያል። ቦታ ይይዛል፣ ዓይን ግን አይከለክልም።

ቅርጹ የተወሰደው ከንጉሥ ሉዊ 16ኛ ዘመን ባለ ክንድ ወንበር ነው። ያኔ እንጨቱን ባለሙያ ይጠርበዋል፣ ሌላው ጨርቅ ያለብሰዋል፤ የሚቀመጥበትም ባለጸጋ ነው። የስታርክ ወንበር ፖሊካርቦኔት የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ቀልጦ በአንድ ሞልድ ውስጥ ተገፍቶ፣ ያለ መገጣጠሚያ ይወጣል። ስድስቱ ይደራረባሉ፤ በረንዳ ላይ ዝናብ ቢመታቸውም ችግር የለም።

ስታርክ ሐሳቡን «ዴሞክራሲያዊ ዲዛይን» ይለዋል፤ ጥራቱን ከፍ፣ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ለብዙ ሰው ማድረስ። ሞልዱ ውድ ነው፤ ወንበሩ በብዛት ሲመረት ግን ወጪው ይከፋፈላል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ዛሬም አንዱ በመቶዎች ዩሮ ስለሚሸጥ «ለብዙ ሰው» የሚለው ትንሽ ያከራክራል።

ከዋጋው ይልቅ እኛን የሚማርከን ለተጠቃሚው ማሰቡ ነው። በ1984 ለፓሪሱ ካፌ ኮስት የሠራው ወንበር ሦስት እግር ብቻ ነበረው፤ አስተናጋጆችን የሚያደናቅፈው እግር እንዲቀንስ!

እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ወንበር ቤትዎ ካለ በለስላሳ እርጥብ ጨርቅና በቀላል ሳሙና ያጽዱት። ሻካራ ስፖንጅ አያስጠጉት፤ ጭረቱ የሚደበቅበት ቦታ የለውም።