ተጨማሪ መረጃ፦ እልፍኝ አስከልካይና ሚዜ
በአፄዎቹ ዘመን ንጉሡን ማየት የፈለገ ባለጉዳይ አስቀድሞ እልፍኝ አስከልካዩን ማለፍ ነበረበት። ማን ይግባ፣ ማን ደጅ ይጥና የሚለው በእርሱ እጅ ስለነበር ከብዙ ባለ ማዕረግ ይልቅ ይፈራ ነበር። በግብር ጊዜ ደግሞ አጋፋሪው እንግዳውን በየደረጃው ያስቀምጥ ነበር፤ ከቦታው ዝቅ ብሎ የተቀመጠ መኮንን ነገሩን በቀላሉ አይረሳም ነበር! የየአውራጃው ገዥዎችም ይህንኑ ሥርዓት ይከተሉ ነበር። እስቴ፣ ጋይንትና ስማዳ ያሉበትን በጌምድርን እስከ 1922 ዓ.ም. የገዙትና ከእነዚሁ ገዥዎች አንዱ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ መቀመጫቸው ደብረ ታቦር ነበር።

በእስቴ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ባለው ገጠር ደግሞ ወጣቱን ከጎልማሶች ተርታ የሚያሰልፈው ሠርግ ነው፤ አጃቢዎቹም ሚዜዎች ናቸው። እንዲህ ያለ አጃቢ በሜክሲኮም አለ፤ 15 ዓመት የሞላትን ልጃገረድ በልደት በዓሏ የሚያጅባት ወጣት ዛሬም የሚጠራው በአገሩ ቋንቋ «እልፍኝ አስከልካይ» ማለት በሆነ ስያሜ ነው። በኢትዮጵያ ግን ሹመቱ በ1967 ዓ.ም. ከዘውዱ ጋር አብሮ ቀርቷል።